ከኖርዌይ ደሴቶች የትኛውን? በወቅት፣ በመጓጓዣ፣ በወረቀትና በወጪ የተመዘነ የንጽጽር መመሪያ

በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ከሁለት መቶ ሺህ የሚበልጡ ደሴቶች አሉ። አብዛኞቹ የባሕር ወፍ ብቻ የሚያርፍባቸው ቋጥኞች ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸውና እንግዳ የሚቀበሉት ብቻ እንኳ ተለይተው ሲወሰዱ ግን ምርጫው ያስቸግራል። ዘመድ ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ኦስሎ የሚመጣ እንግዳ፣ ከስዊድን ወይም ከጀርመን ለዕረፍት የሚነሣ ቤተሰብ፣ እዚያው ኖርዌይ እየሠራ ሰሜኑን ገና ያላየ ሰው፣ ሁሉም ፍለጋውን የሚጀምሩት ከአንድ ዓይነት ፎቶ ነው፦ ቀይ የእንጨት ቤት፣ ከበስተኋላው ሹል ተራራ፣ ከፊቱ የረጋ ባሕር። ፎቶው አይዋሽም፤ ይሁን እንጂ በየትኛው ወር እንደተነሣ፣ አንሺው በምን ተጉዞ እንደደረሰና ስንት እንዳወጣ አይናገርም። ደሴት አማርጡኝ ለሚሉኝ ሰዎች የምሰጠው መልስም ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል፦ በየትኛው ወር ነው የምትሄዱት፣ መኪናስ ትይዛላችሁ? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ከአማራጮቹ ግማሾቹ በራሳቸው ይወድቃሉ።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ብርሃን ነው። ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፣ በክረምት ደግሞ አትወጣም። በሎፎተን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ የምትታየው ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሲሆን፣ በትሮምሶ አካባቢ ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 22 ገደማ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጀምበር መውጣትና መጥለቅ ተነሥተን ስለሆነ፣ ጀምበር ለሰባት ሳምንት በማትጠልቅበት አገር «ከምሽቱ አራት ሰዓት» ማለት ለራስም ግራ ያጋባል፤ ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው የመስኮት መጋረጃውን ነገር አስቀድሞ ያስብበት። የሰሜን ብርሃን የሚባለውን የሰማይ ላይ አረንጓዴ ነበልባል ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጨለማ ያስፈልገዋልና ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ባለው ጊዜ ይሂድ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም ጠብቆ ይሄዳል።

ሁለተኛው መድረሻው ነው። አንዳንዱ ደሴት በድልድይ ከዋናው መሬት ጋር ተያይዟል፣ አንዳንዱ በፌሪ፣ ማለትም ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ፣ ብቻ ይደረስበታል፣ ስቫልባርድ ደግሞ ለአብዛኛው ተጓዥ ከአውሮፕላን ሌላ መንገድ የለውም። መድረስ ብቻም አይበቃም፤ ከደረሱ በኋላ በምን እንደሚዘዋወሩ መታወቅ አለበት። በሰሜኑ ደሴቶች አውቶቡስ አለ፣ ነገር ግን የጊዜ ሰሌዳው ለተማሪና ለሠራተኛ እንጂ ለጎብኚ የተሠራ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌርማታ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆምኩ በኋላ ነው በሰሌዳው ግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን፣ መስመሩ በትምህርት ቀናት ብቻ እንደሚሠራ የሚገልጸውን ቃል ያነበብኩት።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ከስቫልባርድ በስተቀር ሁሉም ደሴቶች በሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ውስጥ ስለሆኑ የተለየ ፈቃድ አይጠይቁም። ስቫልባርድ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

አራተኛው ወጪ ነው፤ ኖርዌይ ውድ አገር መሆኗን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ወጪውን ከሁሉ በላይ የሚያንረው ማደሪያና ሬስቶራንት ስለሆነ፣ ማብሰያ ያለው ጎጆ ተከራይቶ ራስ መቀቀል ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ እንግዳ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣውና ንጥር ቅቤው ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። ሽሮና በርበሬ ይዞ፣ ዘይቱን እዚያው መግዛት ይሻላል። ትልልቆቹ ሱቆች እሑድ ዝግ መሆናቸውንም አትርሱ።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አብሮ የሚጓዘው ሰው ነው። ጉልበት ያለው ወጣት የሚደሰትበት ዳገት እናትን ወይም አራስ ልጅ የያዘችን ሴት መኪና ውስጥ አስቀምጦ የሚያውል ከሆነ፣ ቦታው ቢያምርም ምርጫው ስሕተት ነበር ማለት ነው።

ሎፎተን

ከሁሉም የታወቀው ይህ ነው፤ ያ ቀይ ቤት ያለበት ፎቶም በአመዛኙ የሚነሣው እዚህ ነው። አውስትቮጎያ፣ ቬስትቮጎያ፣ ፍላክስታዶያና ሞስከነሶያ የሚባሉት ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች በድልድይና በባሕር ሥር ዋሻ ተያይዘው፣ ኢ-10 በሚባለው አንድ መንገድ ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። ከ2007 ወዲህ ከዋናው መሬት ያለ ፌሪ በመኪና መግባት ይቻላል። ከስቮልቫር ከተማ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ «ኦ» እስከተባለችው መንደር፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መድረሻው ብዙ ነው። ከኦስሎ በትሮንድሄም በኩል በባቡር ቡዶ ደርሶ፣ ከዚያ በፌሪ ሦስት ሰዓት ከምናምን ተጉዞ ሞስከነስ መውረድ ይቻላል። ከስዊድን የሚነሣ ደግሞ ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር ናርቪክ ገብቶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በኪራይ መኪና ይቀጥላል። ትንንሽ አውሮፕላኖች ስቮልቫርና ሌክነስ ያርፋሉ፤ ቲኬታቸው ግን ቀደም ብሎ ካልተያዘ ይከብዳል።

ሎፎተንን ከመልክዓ ምድሩ በላይ የሚያስመርጠው የዓሣ ሥራው ነው፤ ሥራው ያለው ደግሞ ሰዎች በብዛት በማይሄዱበት ወቅት ነው። በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር እንቁላሉን ለመጣል ወደዚህ ይወርዳል፤ ዓሣ አጥማጆችም ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። ዛሬ በውድ የሚከራዩት ቀይ ቤቶች፣ በአገሩ ስም ሩርቡ የሚባሉት፣ መጀመሪያ የተሠሩት ለእነዚሁ አጥማጆች ማደሪያ ነበር። የዓሣው ጭንቅላት ተቆርጦ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ሁለት ሁለቱ በጭራቸው ታስረው ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቀላሉ። ጨው የሚባል ነገር አይነካውም። ብርዱ ዝንብ እንዳይደርስበት ይከለክላል፣ ግን ዓሣውን አጠንክሮ እስኪያበላሽ ድረስ አይበረታም፤ የባሕሩ ነፋስ ደግሞ እስከ ሜይ ድረስ ውኃውን ያወጣለታል። ቋንጣ የሰቀለ ሰው ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ተራራው ሥር ያለው ሜዳ በሙሉ ጓዳ መሆኑ ነው። የደረቀው ዓሣ በአብዛኛው ወደ ጣሊያን ይሄዳል፤ ለብቻው በገመድ ተሰክቶ የሚደርቀው ጭንቅላት ደግሞ ወደ ናይጄሪያ። የዓሣ ምላስ መቁረጥ በልማድ ለልጆች የተተወ ሥራ ነው፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭንቅላቱን በሹል ብረት ላይ ሰክቶ በአንድ ምት ምላሱን ሲለየው ማየት ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጥብኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ እተወዋለሁ።

ጉዳቱ ሕዝቡ ነው። በጁላይ መንገዱ ጠባብ፣ መኪና ማቆሚያው ሙሉ፣ ማደሪያው እጅግ ውድ ነው። 448 ሜትር ከፍታ ባለው ራይነብሪንገን ላይ የኔፓል ባለሙያዎች የሠሩት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ደረጃው መንገዱን አስተማማኝ አድርጎታል፣ ሰልፉን ግን አላስቀረም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቢተወው ምንም አይቀርበትም፤ በቦርግ ያለው የቫይኪንግ ሙዚየም፣ 83 ሜትር ርዝመት የነበረው የጥንት አለቃ ቤት በልኩ ታንጾ የቆመበት፣ ለሕፃንም ለአረጋዊም ይመቻል።

ቬስተሮለን

ከሎፎተን በስተሰሜን ያለው ይህ የደሴቶች ስብስብ በፎቶ አያሸንፍም፤ ተራራው ለስለስ ያለ፣ መንደሩ የተራራቀ ነው። የሚመረጠው በአንድ ዋና ምክንያት ነው፦ ከአንደነስ መንደር ጥቂት ርቀት ላይ የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ጥልቅ ገደል ይወርዳል፣ በዚያ ጥልቀት ውስጥ ስኩዊድ እየበሉ የሚኖሩት ወንዶቹ ስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። ሴቶቹ ሞቃት ባሕር ውስጥ ቀርተው ወንዶቹ ብቻ ለቀለብ ወደ ሰሜን መውጣታቸው ስደተኛን የሚያስታውስ ነገር አለው። ዓሣ ነባሪ ማየት ዋና ዓላማው የሆነ ሰው ሌላ ደሴት ማማረጥ አያስፈልገውም፤ ባሕር የሚያዞረው ግን ክኒኑን ከመሳፈሩ በፊት ይዋጥ፣ የአየሩ ሁኔታ ጉዞውን ቢያሰርዘው የሚተካበት አንድ ተጨማሪ ቀንም ይያዝ።

በ1893 በባሕር ዳርቻው የተጀመረው ሁርቲግሩተን የተባለው የመርከብ መስመር ሙዚየም ያለው በዚሁ፣ በስቶክማርክነስ ነው። በክረምት መኪና መንዳት የሚፈራ ሰው የባሕር ዳርቻ መርከቦቹን ለአጭር ርቀት እንደ አውቶቡስ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ከስቮልቫር ተነሥቶ ስቶክማርክነስ የሚያደርሰው ጉዞ ለብቻው ይሸጣል፣ ተሳፋሪውም ሙሉውን የመዝናኛ ጉዞ ዋጋ አይከፍልም።

ሴንያና ክቫሎያ

ስቫልባርድን ሳንቆጥር ሴንያ የኖርዌይ ሁለተኛ ትልቅ ደሴት ናት፤ በፊንስነስ በኩል በድልድይ ተያይዛለች። ወደ ዋናው መሬት የዞረው ጎኗ ጫካና እርሻ፣ ወደ ውቅያኖሱ የዞረው ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጠቀ ተራራ ነው። ከባሕር ቀጥ ብሎ 639 ሜትር የሚወጣው ሴግላ በሎፎተን ካሉት ከየትኞቹም አያንስም፤ የሕዝቡ ብዛት ግን አይወዳደርም። የሎፎተንን መልክ ያለ ሎፎተን ግርግር ለሚፈልግ፣ መኪናም ላለው፣ እኔ የምመርጥለት ይህን ነው። መኪና ለሌለው ግን በግልጽ አይሆንም እላለሁ።

መኪና ለሌለው መፍትሔው ክቫሎያ ናት። የትሮምሶ ከተማ ራሷ በደሴት ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ክቫሎያ ከእርሷ በድልድይ ተያይዛለች፤ የሰሜን ብርሃን አስጎብኚዎች ተጓዦችን ከትሮምሶ ማደሪያቸው ወስደው ይመልሳሉ። በክቫሎያ ዳርቻ ያለችው ነጭ አሸዋማዋ ሶማሮይ በ2019 «ሰዓት የማይቆጠርባት ደሴት» ልትሆን ነው ተብሎ በዓለም ዜና ወጥታ፣ በኋላ ነገሩ የቱሪዝም ማስታወቂያ መሆኑ ታውቋል። ማስታወቂያው ቢዋሽም አሸዋው እውነት ነው፤ ለመዋኘት ግን ውኃው ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይመከርም።

ቬጋ

ቬጋ ከአርክቲክ ክበብ በስተደቡብ ስለሆነች ሌሊት የምትታይ ፀሐይ የላትም፤ የጁን ሌሊቷ ግን አይጨልምም። ከ6,000 በላይ የሚሆኑት የአካባቢዋ ደሴቶች በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ያስመዘገባቸውም ሰውና ኤደር የሚባለው የባሕር ዳክዬ ለዘመናት ተስማምተው መኖራቸው ነው። ነዋሪዎቹ ለዳክዬዋ ከድንጋይና ከእንጨት ትንሽ ቤት ይሠራሉ፣ የደረቀ የባሕር ሣር ያነጥፉላታል፣ እንቁላሏን ታቅፋ እስከምትነሣ ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከአዳኝ ይጠብቋታል። እርሷም ከደረቷ ነጭታ ጎጆዋን የምታሞቅበትን ለስላሳ ላባ፣ ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ባሕር ስትወርድ ትታላቸው ትሄዳለች። ላባውን ማጽዳትና ብርድ ልብስ ማድረግ በአመዛኙ የሴቶች ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ዳክዬዎቹን ለማየት ሜይና ጁን ይሻላሉ። መድረሻው በባሕር ብቻ ሲሆን፣ ደሴቱ ሜዳማ ስለሆነ በኪራይ ብስክሌት መዞር ይቻላል፤ ይህም መኪና ለማይነዳ ሰው ከሰሜኖቹ ሁሉ የሚሻልበት ነጥብ ነው።

ስቫልባርድ

እዚህ ላይ ከመልክዓ ምድሩ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። በ1920 ተፈርሞ በ1925 ሥራ ላይ በዋለው ስምምነት መሠረት ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ሆና የማንኛውም አገር ዜጋ ያለ ቪዛ ሊገባባት ይችላል። ይህ አባባል ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያሳስታል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ የሚነሣው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚያ ለመድረስ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ ስቫልባርድ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች ወደዚያ መብረር ከሸንገን እንደመውጣት፣ መመለስም ዳግመኛ እንደመግባት ይቆጠራል። ስለዚህ ቪዛው ሁለት ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መመለሻ ያጣል። የኖርዌይ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ደግሞ ካርዱንና ፓስፖርቱን አብሮ ይያዝ።

ሎንግየርቢን 78ኛው ዲግሪ ላይ ያለች፣ 2,500 ገደማ ሰዎች የሚኖሩባት የቀድሞ የከሰል ማዕድን ከተማ ናት። ከከተማው የሚወጣው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የነጭ ድብ አገር ነውና ያለ መሣሪያና ያለ አስጎብኚ አይኬድም። ያንን የሚያህል ቲኬት ቆርጦ የሄደ ሰው በየቀኑ ለአስጎብኚ የሚከፍለው ካልያዘ፣ ሆቴሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከማርች እስከ ጁን 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ስለሆነ፣ ድብን በቅርብ ፎቶ አነሣለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ከወዲሁ ይተወው። በጁላይ እንኳ አማካይ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ቦታው የሚያስቀና ነገር አለው። ከማዕድኑ ዘመን በቀረው ልማድ ብዙ ሆቴሎችና ሙዚየሙ ውስጥ የሚገባው ጫማ ወልቆ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለለመደ ሰው ደጃፉ ላይ የተደረደረውን ጫማ ማየት አገሩን ያስታውሰዋል። ከተማው ዳር ተራራ ውስጥ በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ ሲኖር፣ አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር መጠባበቂያም እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ጎብኚ ግን አይገባም፤ የሚታየው በሩ ብቻ ነው።

የኦስሎ ፊዮርድ ደሴቶች

ብዙዎች የሚንቁት፣ ለብዙዎች ግን ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ከኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ካለው ወደብ የሚነሡት ጀልባዎች በከተማው የአውቶቡስና የትራም ቲኬት ያስገባሉ። ሆቨዶያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትርቅ ስትሆን፣ በ1147 መነኮሳት የመሠረቱት ገዳም ፍርስራሽ፣ ጥላ ያለው ሣርና ለመዋኛ የሚሆን ዳርቻ አላት። ሰሜንን አትተካም፤ ወጪዋ ግን ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይርቅም።

በሠንጠረዥ

| ደሴት | የሚመረጠው ወቅት | ያለ መኪና | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ሎፎተን | ማርች፣ ሜይ መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር | በችግር | ከፍተኛ፣ በጁላይ እጅግ ከፍተኛ | ተራራና የዓሣ ሥራ ለሚወድ |
| ቬስተሮለን | ዓመቱን ሙሉ | በመርከብ በከፊል | መካከለኛ | ዓሣ ነባሪ ለሚፈልግ |
| ሴንያ | ጁን–ሴፕቴምበር | አይሆንም | መካከለኛ | መኪና ላለው፣ ጸጥታ ለሚፈልግ |
| ክቫሎያ | ኦክቶበር–ማርች | ይቻላል | ከመካከለኛ በላይ | ለሰሜን ብርሃን |
| ቬጋ | ሜይ–ኦገስት | በብስክሌት ይቻላል | መካከለኛ | ለቤተሰብ፣ ለወፍ ወዳጅ |
| ስቫልባርድ | ማርች–ሜይ፣ ጁላይ–ኦገስት | ከአስጎብኚ ጋር ብቻ | እጅግ ከፍተኛ | በቂ ገንዘብና ትክክለኛ ቪዛ ላለው |
| የኦስሎ ደሴቶች | ጁን–ኦገስት | ቀላል | እጅግ ዝቅተኛ | ለአጭር ቆይታ፣ ለአረጋውያን |

እንደየፍላጎቱ

ገንዘብ የሚያጥረው፣ ጉልበት ግን ያለው ወጣት በ1957 በወጣው የተፈጥሮ መዝናኛ ሕግ ይጠቀም፤ ሕጉ ካልታረሰ መሬት ላይ፣ ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቆ፣ ድንኳን ተክሎ እስከ ሁለት ሌሊት ያለ ክፍያ ማደርን ይፈቅዳል። በሎፎተን ግን ጎብኚ ከመብዛቱ የተነሣ የተከለከሉ ቦታዎች ስላሉ ምልክቱን ማንበብ ያስፈልጋል። በባሕር ላይ በመቃጥን ዓሣ ማጥመድም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህ የእራትን ወጪ የሚቀንስ ነገር ነው።

ዕረፍቱን በጁላይ ብቻ የሚያገኝ ቤተሰብ ሎፎተንን ትቶ ሴንያን ወይም ቬጋን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሎፎተን ካልሆነ የሚል ከሆነ ማደሪያውን በጃንዋሪ ይያዝ። በበጋ በአንደነስና በሴንያ መካከል የሚሠራ ፌሪ ስላለ፣ ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ሎፎተንን፣ ቬስተሮለንንና ሴንያን በአንድ መስመር አያይዞ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ ትሮምሶ ይገባል፤ ለእኔ ከሁሉም የተሟላው ጉዞ ይህ ነው። ፌሪው በክረምት ስለማይሠራ ይህ ዕቅድ ከበጋ ውጭ አይያዝ።

ስቫልባርድን የሚመኝ ሰው የአውሮፕላኑን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ቪዛው ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ብዛት ይመልከት፣ የጉዞ መድንም ይግዛ፤ በከተማው ያለው ሆስፒታል ትንሽ ስለሆነ ከባድ ሕመም የገጠመው ሰው ወደ ትሮምሶ ይላካል።

እናቱን ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ያስመጣና ሥራ ያልፈቀደለት ሰው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምሳውን ሠርቶ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዞ ሆቨዶያ ይሻገር። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ግን ወርዶ ከመሄዱ በፊት እዚያው ወደቡ ላይ ይመልከት።